ሁለት ምክንያት፣ አንድ ቃለ ጉባኤ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ለትምህርት ቤት ጠብ ግን ይህ ምክር አይሆንም። ጅማ ላይ ስለ አንድ መማሪያ ክፍል የተነሳ ክርክር ከሥሩ ይያዝ ከተባለ፣ ሦስተኛው ተናጋሪ ላይ ምኒልክና አባ ጅፋር ዘንድ ይደርሳል፤ አምስተኛው ላይ የግዕዝ ፊደልና ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ክፍሉ የሚያወራ ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ከጫፉ መጀመር ይሻላል። ይህ ጽሑፍም ከጫፉ ለሚጀምሩ ነው፤ ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሰዎች፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ «እስቲ እርስዎ ያነጋግሯቸው» ተብለው ለሚላኩ ሽማግሌዎች።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የጋራ ነጥብ ማግኘት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንዱ ወገን ሌላውን አሳምኖ ሲወጣ ነው። እንዲያ ያለ ነገር በሁለት ሰዓት ስብሰባ አይገኝም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ሁለቱም ወገን የሚፈርሙበት ቃለ ጉባኤ ነው። የሚፈርሙበት ምክንያት ይለያይ። አንዷ እናት «ማጠናከሪያ ትምህርት ይጀመር» የሚለውን የምትፈርመው በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ከማንም እንደማያንስ እንዲታይላት ብላ ነው። ሌላው አባት የሚፈርመው የአማርኛው ክፍል ተረስቶ ልጁ ወደኋላ እንዳይቀርበት ነው። ምክንያታቸውንም አንድ ላድርግ የሚል ሰብሳቢ ፊርማቸውን ያጣል። ዕድርን ተመልከቱ። በጅማ ሰፈሮች፣ ቦሳ አዲስም ሆነ መንደራ ኮቺ፣ በአንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጡት ሰዎች በምርጫ ቀን አንድ ሰው አይመርጡም፤ ግን መዋጮው ይከፈላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳኑም በሰዓቱ ይተከላል። የዕድር ደንብ የሚያወራው ስለ ወንበርና ስለ ድስት ነው። ስለ አገር አያወራም፤ ለዚህም ነው ዕድሜው የረዘመው።

ስብሰባ ሳይጠራ ሰሌዳው ይከፈል። ጠመኔ አንሱና ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ «እዚሁ የሚወሰን»፣ «ጠይቀን የምናገኘው»፣ «ከእኛ በላይ የሆነ»። ከዚያ በየቤቱ የሚሰማውን ቅሬታ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቦታው መልሱት። የማጠናከሪያ ትምህርት ሰዓት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚሆን፣ የወላጅ መዋጮና የትምህርት ቤት ድጎማ አወጣጥ፣ የፈረቃ ድልድል፤ እነዚህ በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓምድ ናቸው። መምህር ማስመደብ፣ ክፍል ማስገንባት፣ ኮምባይን ዴስክ ማስጨመር የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነውና ሁለተኛው ላይ ይቀመጣል። የመማሪያ መጽሐፍና የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የክልሉ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና የፌዴራል ነው። የሥራ ቋንቋ ጉዳይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ ነው፤ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው፣ አማርኛ የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ እንደሆነ፣ ክልሎች የየራሳቸውን እንደሚወስኑ ይላል። ይህን ከሂርማታ ወይም ከጅሬን የመጡ አሥራ ሁለት ወላጆች እሑድ ከሰዓት ሊቀይሩት አይችሉም። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ይጻፍ። ይህ ንቀት አይደለም፤ የተናገሩት ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ሲታያቸው ሰዎች ደጋግመው አያነሱትም። ያልተጻፈ ቅሬታ ነው በየአጀንዳው እየዞረ የሚመጣው።

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚከርረው የሦስተኛው ዓምድ ነገር በመጀመሪያው ዓምድ ሰው ላይ ሲጫን ነው። ርዕሰ መምህሩ የቋንቋ ፖሊሲ አላወጣም፤ ደጁ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ይጮህበታል።

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ቁጥሩ ለማሳያ የተፈጠረ ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ክፍሎች በአንድ ግቢ ያሉበት ትምህርት ቤት ነው እንበል። በአፋን ኦሮሞ በየክፍል ደረጃው 130 ልጅ፣ በአማርኛ 20 ልጅ፤ በድምሩ 900 ተማሪ። መማሪያ ክፍሎቹ 14 ናቸው። በአንዱ ወገን ያለው ቅሬታ «እኛ ታጭቀን ለ20 ልጅ አንድ ክፍል ተሰጠ» ነው። በሌላው ወገን ያለው ስጋት «ክፍላችንን ሊዘጉብን ነው» ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ከፖለቲካው ጋር ተያይዞ ተተርጉሟል፤ አንዱ የድሮው የበላይነት ቅሪት ይለዋል፣ ሌላው የማስወጣት ዕቅድ ይለዋል።

አሁን ቁጠሩ። 130 ልጅ በሦስት ሲከፈል በክፍል 43 ገደማ ነው፤ ለመጀመሪያ ደረጃ ከተቀመጠው የ50 ጣሪያ በታች። ስድስት ደረጃ በሦስት 18 ምድብ ይሆናል። አማርኛው 6 ምድብ። ድምር 24። ክፍሉ 14 ነውና ሁሉም በአንድ ፈረቃ ይማር ቢባል 10 ክፍል ይጎድላል። «የአማርኛው ይጣመር» የሚለውን ሐሳብ ሞክሩት፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየተጣመረ በ40 ልጅ ቢማር 3 ምድብ ይቀነሳል፣ 21 ይሆናል፣ አሁንም 7 ይጎድላል። ጨርሶ ይዘጋ ቢባልስ? 150 ልጅ በየደረጃው በሦስት ሲከፈል ልክ 50፣ ምድቡ 18፤ አሁንም 4 ክፍል ይጎድላል፣ ያውም ክፍሉ ሁሉ እስከ አፉ ሞልቶ። እዚህ ላይ ሰሌዳው ፊት የተቀመጠው ሰው ፊት ይለወጣል። ጠቡ የክፍል እጥረት ነበር፤ የቋንቋ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።

በሁለት ፈረቃ ግን 14 ክፍል 28 ቦታ ይሰጣል። 24 ምድብ ሲገባበት ጠዋትም ከሰዓትም ሁለት ሁለት ክፍል ይተርፋል፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ የንባብ ማጠናከሪያ። አንድ ቋንቋ ለብቻው «የከሰዓት» እንዳይሆን አማርኛው ሦስት ደረጃ በጠዋት፣ ሦስት ደረጃ በከሰዓት ይግባ፤ በየሴሚስተሩ ይቀያየር። ይህች የመቀያየር ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ ከተረሳች ግን ስምምነቱን የምታፈርሰው እሷ ናት፤ ከሰዓት በዝናብና በድካም የሚማረው ማን እንደሆነ ወላጅ ያያል። ፈረቃ ዋጋ አለው፣ የትምህርት ሰዓት ያሳጥራል፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። የ10 ክፍል ግንባታ ጥያቄው ደግሞ በሁለቱም ወገን ወላጆች ተፈርሞ ለጽሕፈት ቤቱ ይሂድ። አንድ ወገን ብቻ የፈረመው ደብዳቤ «የእነ እገሌ ጥያቄ» ይባልና መዝገብ ቤት ይተኛል።

ሁለቱም ወገን የሚቆሙበት ሌላም መሬት አለ፤ አንድ ግድግዳ ፊት። በኦሮሚያ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረው ልጅም፣ በአማርኛ ክፍል የተማረው ልጅም 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ። ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ በአንድ ክረምት ቋንቋ ቀየረ ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። የወደቀው አብዛኛው ልጅ የየትኛውም ቋንቋ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ነው። በዚህ ቁጥር ፊት «የእናንተ ቋንቋ ነው የጣለን» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ በተቃራኒ ወገኖች መካከል ቶሎ የሚፈረም አጀንዳ ነው፤ የማንንም ቋንቋ አይነካም። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ሁለት መምህር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት፤ በድምሩ 48 የመምህር ሰዓት። የሰዓት አበሉን ከድጎማ ነው ከመዋጮ የሚለውን እዚያው ወስኑ። ከሁለቱም የቋንቋ ክፍል የመጡት ልጆች ተቀላቅለው ይቀመጡ፣ ለየብቻ አይደለም።

ታች ክፍል ላይ ደግሞ ንባብ አለ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የራሳችሁን ግቢ ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ልጆቹ ካለፉት ክፍል መጽሐፍ 60 ቃል ያህል የሆነ አንቀጽ ቅዱ። ከስም ጥሪው ላይ በእኩል ርቀት እየዘለላችሁ 10 ልጅ ምረጡ፤ መምህሩ «ጎበዞቹን» እንዳይመርጥ ነው። በስልክ አንድ ደቂቃ ያዙ፣ በትክክል የተነበቡትን ቃላት ምልክት አድርጉ፣ ካነበቡት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ፈታኝ ሁለት ይሁን፣ አንድ መምህርና አንድ ወላጅ። የልጅ ስም ከወረቀቱ ላይ አይውጣ፣ ቁጥሩ ብቻ ለስብሰባ ይቅረብ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ አስተዋይ ሰው ሁሉ ይወድቅበታል። የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ ክፍል ልጆችን በደቂቃ ስንት ቃል አነበቡ ብላችሁ አታወዳድሩ። ቁቤ ድምፅ ሲጠብቅና ሲረዝም ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ በግዕዝ ፊደል ግን አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይቆማል፣ ማጥበቂያውም አይጻፍም። የቃሉ ርዝመት፣ ዓይን የሚያርፍበት ምልክት ብዛት፣ ሁሉም ይለያያል። 30 ቃል በአንዱና 30 ቃል በሌላው እኩል ሥራ አይደለም። ይህን ሳያውቅ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን የለጠፈ ርዕሰ መምህር ለሳምንት የሚሆን የፌስቡክ ጦርነት አዘጋጀ ማለት ነው። ማወዳደር ያለባችሁ እያንዳንዱን ክፍል ከራሱ የመስከረም ውጤት ጋር ነው። ለጋራ ውይይት የሚሆኑት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ምንም ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ስንት ናቸው፣ ከሦስቱ ጥያቄ ሁለቱን የመለሱ ስንት ናቸው።

ወደ ስብሰባው ራሱ እንምጣ። ከ12 ሰው አይብለጥ፤ 200 ወላጅ የተጠራበት ሜዳ ላይ ሰው የሚናገረው ለጎረቤቱ ጆሮ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሰብሳቢው እያንዳንዱን ሰው በቤቱ ወይም በሱቁ ያግኝ፣ ቡና ላይ ቢሆን መልካም ነው፤ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ልጅዎ ዘንድ ምን ይጎድላል? ምን ቢደረግ ተበደልኩ ይላሉ? ምን ቢጨመር ይፈርማሉ? በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ስብሰባ ላይ የሚፈነዳውን አስቀድሞ ያሳያል። ቀኑን ስትመርጡ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሻላል፤ የዕድር ስብሰባ እንዳይገጥም ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። በረመዳን ከሆነ ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት የሚሄድ አጀንዳ አትያዙ።

ሰብሳቢ ሁለት ይሁን፣ ከየቋንቋው አንድ። ሰው በሚመቸው ይናገር፤ አንዱ ሲጨርስ ይተርጎም። በጅማ ብዙው ሰው ሁለቱንም ይሰማል፣ ግን «ይሰማሉ» ብሎ ትርጉም መዝለል ሰውን ያስቀይማል፤ ሲናደዱ የሚናገሩት ቋንቋና ገበያ ላይ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አንድ አይደለም። ዳውሮ፣ ከፋ ወይም የም የሆኑ ወላጆች ካሉ ደግሞ ሁለቱም ቋንቋ ሁለተኛቸው መሆኑ አይረሳ፤ ጉዳዩ የሁለት ወገን ብቻ እንዳልሆነ መገኘታቸው ራሱ ያሳያል። በሁለት ቋንቋ የአንድ ሰዓት አጀንዳ ሁለት ሰዓት ይፈጃልና ከሦስት አጀንዳ በላይ አትያዙ። ባለሥልጣን መክፈቻ ንግግር አያድርግ፤ በክብር ይጋበዝ፣ መጨረሻ ላይ መጥቶ የተጻፈውን ይስማ። ካድሬ የከፈተው ስብሰባ ላይ ግማሹ ሰው ያጨበጭባል፣ ግማሹ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ልባቸውን አልተናገሩም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ ማስፈለጉ ከታየ ይህን ጠቅሶ ማሳሰብ ይቻላል።

አራት ቃላት በር ላይ ይቀመጡ፤ ጠባብ፣ ትምክህተኛ፣ መጤ፣ ጽንፈኛ። አንዱ ከገባ የሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ለእሱ ነው። በምትካቸው ሰውየውን ሳይሆን ነገሩን መጥራት ይለመድ፤ «እናንተ» ሳይባል «በከሰዓት ያሉት 40 ልጆች» ይባል።

ድምፅ አታስቆጥሩ። በተደባለቀ ግቢ እጅ ማስወጣት የሕዝብ ቆጠራ ማድረግ ነው፤ ውጤቱ ከስብሰባው በፊት ይታወቃል፣ የተሸነፈውም ሐሳቡ ሳይሆን እሱ ራሱ ይመስለዋል። የተሻለው መንገድ አንድ ወረቀት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ካምፕ ዴቪድ ላይ ግብፅንና እስራኤልን ያደራደሩት አሜሪካውያን ሁለቱ ወገኖች ሰነድ እንዲለዋወጡ አላደረጉም፤ አንድ ረቂቅ ራሳቸው ጽፈው ለሁለቱም እያሳዩ፣ ቅሬታ እየሰሙ፣ በ13 ቀን 23 ጊዜ ያህል አስተካከሉት። የሽማግሌ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው። ለትምህርት ቤት ሦስት አራት ማስተካከያ ይበቃል። ሰብሳቢዎቹ ግማሽ ገጽ ይጻፉ፣ «ይህን ተቀበሉ» አይበሉ፤ «የትኛው ቃል ያስቸግርዎታል?» ይበሉ። ረቂቁ የማንም ስላልሆነ ሲነቀፍ የሚቆስል ሰው የለም።

ቃለ ጉባኤው በሁለቱም ቋንቋ እዚያው ይጻፍ፣ እዚያው ይፈረም። «ነገ ይተረጎማል» የተባለ ቃለ ጉባኤ በማግስቱ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ሆን ተብሎ ባይሆን እንኳ «ይሞከራል» የሚለው በትርጉም «ይደረጋል» ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ውሳኔ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር የሚል ይኑረው። የማያስማማው ነገር ደግሞ ለአንድ ሴሚስተር በሙከራ ይያዝ፣ የሚታይበት ቀን ይጻፍበት። ገንዘብ ካለበት በደረሰኝ፤ ገቢና ወጪው በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፍ። ስለዚህ ብዙ ማለት አያሻም፤ ዕድር ያለበት ሰው ያውቀዋል።

ታሪክን በተመለከተ የወላጅ ስብሰባ ቦታው አይደለም፤ ክፍሉ ነው። ደግሞም ጅማ ለዚህ የታደለ ከተማ ናት፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥቱ ቆሞላታል። አባ ጅፋር 2ኛ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዙ፤ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ፤ የጅማ ራስ ገዝነት በ1932 አበቃ። እስከዚህ ድረስ የሚጣላ የለም። ጠቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለአንዱ ብልህ ንጉሥ አገሩን ከጦርነት ማዳኑ ነው፣ ለሌላው በኃይል ፊት የተከፈለ ዋጋ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈል፤ በግራ «ምን ሆነ»፣ በቀኝ «ምን ማለት ነው»። ግራው ላይ የሚጻፈው ዓመትና ድርጊት ብቻ ነው፣ ያለ ቅጽል። ልጆቹ ቀኙን ይሙሉ፤ ግን አንድ ሕግ አለ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያቀርበው ከቤቱ የሰማውን አይደለም፣ ጓደኛው ከቤቱ የሰማውን ነው። ጓደኛውም «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ አይቀመጥም። ጊዜ ይወስዳል፣ 40 ደቂቃ አይበቃውም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዙለት። መምህሩ የራሱን ፍርድ ከተናገረ ግን ያ ቀን አለቀ፤ ተማሪው ለፈተና የሚሆነውን መልስ ያገኘ ይመስለዋል።

መተማመኑ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሰዎቹ ስለ ፈረቃ እንኳ አብረው ለመቀመጥ ካልፈለጉ፣ ለጅማ ዙሪያ የሚሆን ሌላ መነሻ አለ፤ የቡና ለቀማ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጎማ፣ መና፣ ሊሙ ኮሳ፣ ጌራ በመሳሰሉት ወረዳዎች የስም ጥሪው ይሳሳል። የሚቀረው ልጅ የማንም ወገን ነው፤ ቤቱ የሚለቀም ቡና ወይም የቀን ሥራ አለ። በመስከረም በአንድ የተለመደ ቀን የመጣውን ልጅ ብዛት ያዙ፣ በኅዳር የመጣውን በየሳምንቱ ቁጠሩ፣ ልዩነቱን በክፍል ደረጃና በጾታ ለዩ። ከዚያ የሚወሰነው ትንሽ ነው፤ ለእነዚያ ሳምንታት የፈረቃው መግቢያ በአንድ ሰዓት ያህል ይዛወር ወይ፣ የሚያመልጠው ትምህርት ጥር ላይ በየትኛው ቅዳሜ ይካካስ፣ ፈተና ከለቀማው በፊት ይሁን በኋላ። የቡና ባለቤቱም ለቃሚውም፣ ገዢውን ፓርቲ የሚደግፈውም የሚቃወመውም እዚህ ላይ የሚለው አለው፣ የሚለውም ስለ ልጁ ነው። ቆጠራውን ግን መስከረም መጨረሻ ላይ ጀምሩ፤ ቡናው ከቀላ በኋላ የሚቆጥር ሰው አይገኝም።